ጎርሶ የከረመ ጠመንጃ

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ አመለኛ ጉልበትህስ? ዴይተን ዘንድሮ ሙቀቱ አላስወጣ አላስገባ አለ ሲሉ በሬዲዮ ሰምቼ፣ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ትወጣው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። እኛ ደህና ነን። ባሌ ቬርነን ስኳሩ ወረድ ብሎለታል፤ አፉ ግን አልወረደም። ባቄላው ዘንድሮ ጉድ ነው፤ ብናሽገው ብናሽገው ጠርሙስ አለቀብን እንጂ እሱ አላለቀም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። አንድ ልነግርህ የሚገባኝ ነገር አለ። ከሰማኸው በኋላ እህቴ ትለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። ከየት እንደምጀምረው ስለጠፋኝ፣ ዝም ብዬ ከጠመንጃው ልጀምር።

ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት በጡረታ መውጣቴን በገና ካርዱ ላይ ጽፌልህ ነበር። ቁጭ ብዬ ቬርነንን ሳይ መዋል ሰለቸኝና፣ ወንዙ ዳር ያለው የተኩስ ማኅበር ለሴቶችም መደብ ከፍቷል ሲሉኝ ሄጄ ተመዘገብኩ። ያው የአባባ ዓይነት ጠመንጃ ነው፤ ባሩዱን በአፈሙዙ ትጨምራለህ፣ አረሩን በእራፊ ጠቅልለህ በዘንግ ትገፋለህ፣ ከዚያ ወደ ኢላማው። እንግዲህ ጠመንጃ ያስፈልገኛል። ኪት የሚሉት አለ፤ በሳጥን ተበታትኖ ይመጣና ሞርደህ፣ ገጣጥመህ፣ ቀለም ቀብተህ የራስህ ታደርገዋለህ። ያገለገለም አለ።

ጋሽ ዴልመርን ታስታውሳቸዋለህ፤ ያኔ የውድድሩ ዳኛ የነበሩት። ሰማንያ አልፏቸውም ማኅበሩን የሚያሽከረክሩት እሳቸው ናቸው። ባማክራቸው፣ ኪት ግዢ አሉኝ። ያገለገለ ጠመንጃ ማለት ያገለገለ ባል ማለት ነው፣ ጠባዩን ሌላዋ አበላሽታው ነው የምታገኚው አሉ። ቤት ገብቼ ብናገር ቬርነን በሳቅ ሞተ። አንቺ የገጠምሽው መደርደሪያ ድመቷ ባለፈች ቁጥር ይንገዳገዳል፣ ደግሞ ጠመንጃ! ያገለገለ ግዢና ጎረቤቱን አትርፊ አለኝ። እሺ ብዬ ያገለገለ ልፈልግ ስነሳ፣ በሳምንቱ ጋሽ ዴልመር ሐሳባቸውን ገለበጡት፤ ለጀማሪስ የተፈተነ ይሻላል፣ ብቻ በርሜሉን በብርሃን እይ፣ ከዛገ ጥለሽ ሩጪ አሉኝ። ይህን ለቬርነን ስነግረው ደግሞ፣ እልኸኛው፣ የለም ኪቱ ነው የሚያዋጣሽ ብሎ ዞረ። ሁለት ሰው እንደሚጎትታት ጥጃ መሃል ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ዞሮብኝ አያውቅም።

በዚህ መሃል አርዲት ደወለችልኝ። አዎ፣ ያንተዋ አርዲት።

አባቷ ጋሽ ኢኖስ በክረምቱ አርፈዋል፤ ቤቱን እያጸዳች ነው። ባሏም ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ጠመንጃ ትፈልጊያለሽ ሲሉ ሰማሁ፣ አንድ ያገለገለ አለ፣ መጥተሽ እዪው አለችኝ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም።

ያን የውድድሩን ቀን እኔ ስነግርህ ይገርማል፣ አንተ ሳታውቀው ቀርተህ አይደለም። ግን አንዴ በራሴ እጅ ልጻፈው። በሬ የሚያሸልመው የተኩስ ውድድር የመጨረሻ ዙር ነበር፤ የቀሩት አባባና ጋሽ ኢኖስ ብቻ ነበሩ። የአባባ እጅ ከማዕድን ጉድጓዱ ወዲህ ስለሚንቀጠቀጥ ጠመንጃውን የምታጎርስለት አንተ ነበርክ። ሃያ ዓመትህ ነበር፤ የኔ አሥራ ሁለት። ከዙሩ በፊት የተነሳነው ፎቶ እስካሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። አባባ ጠመንጃውን ይዞ ይስቃል። አንተ ገና ሎሚ ጭማቂ ይዘህ ከአርዲት ዘንድ እየሮጥክ መድረስህ ነው። እኔ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ጎድሏል። እማማ ማታ ስትጠይቀኝ የአጥር ሽቦ ቀደደብኝ ብዬ ዋሸኋት። ያም ሆኖ ከመገረፍ አልዳንኩም።

አባባ አነጣጠረና ምላጩን ሳበ። ባሩዱን የምታቀጣጥለው ቆብ ቷ አለች፤ ጠመንጃው ዝም። ሌላ ቆብ፣ ቷ፣ ዝም። ሦስተኛ። ጋሽ ኢኖስ ተኮሱና በሬውን ወሰዱ። አባባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዞሮ፣ ባሩዱን ሆነ ብለህ አርጥበኸዋል፣ ለአማትህ ሸጥከኝ አለህ። አንተ መጀመሪያ ወደ እኔ አየህ። ከዚያ፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው አልክ። አባባ ጠመንጃውን ጋሽ ኢኖስ ደረት ላይ ወርውሮ፣ ልጄን ገዝተሃል፣ ይኸው ይህንንም ጨምር አላቸው። እሳቸውም አጭበርብሮ አሸነፈ መባልን አልቻሉም፤ ሠርጋችሁ በዚያው ቀረ። ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ዴይተን ሄድክ። እንዲህ ነው አይደል?

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ባሩዱ ረጥቦ ነው እያልኩ አርባ አራት ዓመት ኖርኩ። የባሩዱን ቀንድ ክፍት ትቶት ጤዛ ገብቶበት ይሆናል፣ የራሱ ጥፋት ነው እል ነበር። እንደዚያ ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጋሽ ዴልመርን ይዤ ሄድኩ። ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ሳየው ወዲያው አወቅኩት፤ ሰደፉ ላይ አባባ በቢላ የቀረጻት ዳክዬ አለች። አባቴ ነክተውት አያውቁም፣ አቧራውን እንኳ እኔ ነበርኩ የምጠርገው አለች አርዲት። ጋሽ ዴልመር የሁልጊዜ አባባላቸውን አሉ፤ ያረጀ ጠመንጃ ሁሉ ጎርሷል ብለሽ ያዢ። ዘንጉን በአፈሙዙ ጣል አደረጉት። ባዶ በርሜል እኮ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። ይሄ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። ይቺ አረር የዚያን ቀኗ ናት አሉ ጋሽ ዴልመር፣ ቀስ ብለው።

ሁለት ቀን ዘይት አጠጡት። በሦስተኛው ቀን አፈሙዙን ወደ ኮረብታው አዙረው፣ ጫፉ ብሎን ባለው ዘንግ አረሩን ነቀሉት። ከኋላው የረጠበ ባሩድ፣ ጥቁር ዝቃጭ ስንጠብቅ ንጹሕ ዘይት ፈሰሰ። ባሩድ የለም። ረጥቦም ደርቆም ቅንጣት የለም። ጋሽ ዴልመር ቀድመው ገባቸውና ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ደረቅ ጎርሷል! አሉ። የማኅበሩን ደንብ አልረሳኸውም፤ ባሩድ ረስቶ አረር የከተተ ሰው፣ አረሩ ሲነቀል በክር አንገቱ ላይ አስሮ እስኪመሽ የሰው መሳቂያ ሆኖ ይውላል። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። ያ ልጅ እንዲህ ያለ ስህተት ይሠራል ብዬ ብሞትም አላስብም ነበር አሉ።

እራፊዋን ከመሬት ያነሳቻት አርዲት ናት። በጣቷ ዘረጋቻት። አንተ ሁልጊዜ ሰማያዊ መስመር ያለበት የፍራሽ ጨርቅ ነበር የምትቆርጠው። ይቺ ዘይት ጠጥታ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጨለማ ውስጥ ከርማም አበባዋ አልጠፋም። ቢጫ ናት።

አርዲት እራፊዋን መዳፌ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። ከዚያ፣ ወንድምሽ ያውቅ ነበር? አለችኝ። አንተ እስክትመለስ ላስደስትህ ብላ፣ ከቀሚሷ ጠርዝ ቀድዳ ጠመንጃውን ያጎረሰችውን ልጅ አባባ እንኳ አላያትም። አንተ ግን ወደ እኔ ያየኸውን አስታውሳለሁ፤ ተቆጥቶ ነው ብዬ ነበር። አሁን ያን ፊት ሳስበው ቁጣ አልነበረም። ወይስ ነበር? ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ንገረኝ፣ ራሴ ዞሯል።

ጠመንጃውን ልግዛው ብላት አርዲት እምቢ አለች። ላንቺ አይሆንም፣ ለሽያጭም አይደለም፣ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰደው አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ስለ ጉልበትህ ጠየቀችኝ። ማን እንደነገራት እንጃ። እኔ ኪቱን አዝዤ ደርሶልኛል፤ ቬርነን ከአሁኑ ከቤት እወጣለሁ እያለ ነው። ሰደፉን መሞረድ ጀምሬያለሁ፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይወፍራል፤ ምናለ፣ ያንተ እጅ ቢኖር።

ውድድሩ የጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። አረሯን በክር አስሬ መስተዋቱ ላይ ሰቅያታለሁ። በዚያ ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቴ ላይ አደርጋታለሁ። ምን ሆነሽ ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ከሌላ ከምትሰማው፣ መጥተህ ከፊት ቆመህ ብትሰማኝ ብዬ ነው። ባትመጣም አልቀየምህም፤ በምን አፌ።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገዱን ያቅናልህ፣ ያጎደልነውን ሁሉ እሱ በሌላ ይሙላልህ። አልጋህን አንጥፌያለሁ።

ቀሚሷን የአጥር ሽቦ ያልቀደደባት፣
ታናሽ እህትህ