ሰላምታዬን ድጋፍ ብለው ለመዘገቡት ሰብሳቢ

ለክቡር ሚስተር ዊትሎ ካራዌይ፣
የወረዳችን ምክር ቤት ሰብሳቢ፣
አላባማ

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወላጅ እናትዎስ? ያለፈው ሰላምታዬ ስለጎዳኝ የዛሬውን አሳጥሬዋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር የምትጽፈው የእህቴ ልጅ ቨርኔል ናት።

አንደኛ፣ በእሳት አደጋ ጣቢያችን ያለውን ድምፅ መስጫ ዘግታችሁ ከወንዙ ማዶ፣ ከሸሪፉ የፖሊስ ቢሮ ጎን ልትወስዱት ስታስቡ የሕዝቡን አስተያየት በኢንተርኔት ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። በእኛ ሰፈር ኢንተርኔት የሚሠራው መካነ መቃብሩ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ያሉት ደግሞ አስተያየት መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል።

ሁለተኛ፣ በስብሰባው ለእያንዳንዳችን ሦስት ደቂቃ ስለፈቀዳችሁልን አመሰግናለሁ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነኝ። እኛ ዘንድ ሰው ፊት የቆመ አስቀድሞ እግዚአብሔርን ያከብራል፤ ከዚያ ፓስተሩን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የተሰበሰበውን ሁሉ በየማዕረጉ። እንደዚያው አደረግሁ፤ እናንተንም አንድ በአንድ አመስግኜ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልገባ ስል ደወላችሁ ጮኸ። እርስዎም፣ በቁምጣ ሲሮጡ የማውቅዎ ሰው፣ «ይበቃል ታዲየስ፣ ተቀመጥ» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤያችሁ «ሚስተር ብሮድናክስ ለምክር ቤቱ ምስጋና አቀረቡ፤ ተቃውሞ አልነበረም» ይላል። ቨርኔል ስታነብልኝ ድገሚው አልኳት። ደገመችው፤ ያው ነው። በጨዋነቴ የጎረቤቶቼን በር ዘጋችሁበት። ያቅለሸልሻል። ቨርኔል «አጎቴ፣ ይቺን ቃል እንኳ እናለዝባት» ብትለኝ «የቀመሳት እኔ ነኝ፤ ጻፊያት» አልኳት።

በወጣትነቴ፣ ጥቁር ሰው ማንበብ ካልቻለ አይመርጥም ብለው ከበር መለሱኝ። እናንተ ደግሞ ማመስገን ስለቻልኩ መለሳችሁኝ። ስለዚህ ያን ቀን ያልደረስኩበትን ቃል አሁን ይመዝግቡልኝ፦ እቃወማለሁ። ድምፅ መስጫችን ይከፈት።

ደወል በሌለበት በረንዳዬ ተቀምጬ፣ ለክቡርነትዎ የሚገባዎትን ያህል አክብሮት፣ ከዚያም ቅንጣት ሳልጨምር፣ አቀርባለሁ።

ታዲየስ ብሮድናክስ
X (ምልክቱ፣ በገዛ እጁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ምርጫ እርስዎም እንደሚወዳደሩ ሰምቻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን አውቶቡስ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ወንዙን ያሻግራል። ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ጀርባ ፓስተርም ሽማግሌም የለም፤ ሰላምታ አያስፈልገኝም። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።