ጋሪ ወይስ መኪና

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የሞያሌው ቢሯችን ጭር ብሏል። መኪኖቹ ሁሉ ወደ ናይሮቢ መስመር ወርደዋል። ሥራ ስፈታ እጄን ይበላኛል... የሳሮንን ኮድ ከፈትኩ። የጭነት መኪኖቹን ገጽ ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራችው እሷ ናት። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ። ናይሮቢ ከገባች ሰባት ወሯ።

የመኪኖቹን ዝርዝር «ጋሪ» ብላዋለች። በስዋሂሊ መኪና ነው። በአማርኛ ግን ፈረስ የሚጎትተው! ገጹ ላይ «መኪና» ብዬ ቀየርኩትና ላክሁላት፦ «ጋሪሽን መኪና አደረግሁልሽ፣ ፈረሱን ምን ላድርገው?»

ሳቋን በድምፅ ላከችልኝ። ስንት ጊዜ ሰማሁት? አልናገርም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዝርዝሩ የለም። በቦታው ቀይ የእንግሊዝኛ መዓት! አለቃዬ ሀጂ ሰይፈዲን ራሳቸውን ያዙ።

«ዌዌ! አንተ ጎልቻ! ምን ነካካህ?»

«እኔ? መብራቱን ይጠይቁት ሀጂ።»

«እስከ ሐሙስ ካልተሠራ ሳሮንን በአውቶቡስ አስመጣታለሁ።»

ሳሮንን?...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቀዩን ጽሑፍ ቃል በቃል አነበብኩ። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ቀላል አይደለም። «ጋሪ» ጃቫው ውስጥ አለ፣ ገጹ ላይ ግን ቦታ ስላልተሰጠው አይታይም... ይላል። ገባኝ። ጃቫው ዛሬም «ጋሪ» እያለ ይጣራል፣ እኔ ገጹ ላይ ስሙን ቀይሬበታለሁ። ሰኞ ያልተበላሸው ኮምፒውተሩ የድሮውን ገጽ እንደያዘ ስለነበር ነው። አንድ ቃል! የደቂቃ ሥራ።

አልነካሁትም።

ሳሮን ደወለች። «ስህተቱ ምን ይላል?»

«ጎልቻ ብቻውን ሰለቸው ይላል።»

«ቀልድህን ተው! ነገ ማታ እሳፈራለሁ፣ ዓርብ እዚያ ነኝ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሸሚዜን አጠብኩ። ማንያታ ሰፈር ወርጄ ፀጉሬን ተቆረጥኩ።

ከሰዓት እትዬ ምንታምር መጡ። ባላቸው ዱባለ የኛ ሹፌር ነው። ስልኩን መንገድ ላይ ሰርቀውታል። በየኬላው ያሉ ልጆቻችን ያለፈውን መኪና ይመዘግባሉ፣ እትዬም የባላቸውን የሰሌዳ ቁጥር እዚህ ገጽ ላይ ይፈልጋሉ። ወሬውን የሚያገኙበት ሌላ መንገድ የላቸውም።

«ዛሬም የለም?»

«የለም እትዬ። ምናልባት ፈረሱ ደክሞት...»

አልሳቁም። «ሦስት ቀን ሙሉ? አንተ ልጅ፣ ተገልብጦ ቢሆንስ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አልሄዱም። ማንበብ የማይችሉትን ቀይ ጽሑፍ ትክ ብለው ያያሉ።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል... ዝም ብል ምን አለበት? ነገ ትመጣ የለ?

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ጋሪ» የምትለዋን ቃል ገጹ ላይ መለስኳት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ዝርዝሩ ወረደ። ሦስተኛው መስመር፦ ዱባለ፣ ኢሲዮሎ ኬላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ወደ ሞያሌ።

እትዬ ጣታቸውን የሰሌዳ ቁጥሩ ላይ አኑረው አላነሱም። እንዳይፍቁት ፈራሁ።

«ሀጂ፣ ትኬቱ ይቅር» አልኩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑንም ነገርኳቸው። ከቁጣቸው ጆሮዬ እስካሁን ይግላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሳሮን ጻፈች፦ «ማን አስተካከለው?»

«እኔ።»

«ብቻህን? ጎበዝ! እንግዲህ አላስፈልግህም ማለት ነው።»

ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ።

«ታስፈልጊኛለሽ» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት።

አንብባዋለች። እየጻፈች ነው ይላል... ጠፋ። እንደገና እየጻፈች ነው ይላል።