ጅራታቸውን ሳላነሳ የፈረምኩላቸው በጎች

ለተወደዱ አባቴ ለሸህ ሰዲቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ለስግደት እሺ ይልዎታል? የእማዬ ሳልስ ቀነሰላት? የበልጉ ዝናብ አልከዳችሁም? እኔ ልጅዎ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ። የአራብሳ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ ስለሚል ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ለምጃለሁ።

በስልክ ያልነገርኩዎ እማዬ ከአጠገብዎ ስለማትጠፋ ነው። ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ አያሌው በእጅዎ ይሰጥዎታል።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ወደ ውጭ አገር የሚላኩ በጎችን መርምሮ የጤና ወረቀታቸው ላይ መፈረም ነው። ባለፈው ሳምንት ከወሎ የመጣ መኪና ከጎሮ ወዲያ ባለው ማቆያ በረት አራገፈ። በጎቹ ውሃ ሳይቀምሱ ተፋፍገው ስለመጡ፣ መጀመሪያ ጠጥተው ይረፉ ብዬ ከነጋዴው ከዓንዶም ጋር ተጨቃጨቅኩ። ሲጠጡ ሳይ ግራ ጆሯቸው ሁለት ቦታ የተሸረፈ ዘጠኝ በጎች አሉበት፤ የእኛው ቤት ምልክት። አገሬ የገባሁ መሰለኝ። የሌላውን ሁሉ ጅራት አንስቼ፣ ብብቱን ዳብሼ መረመርኩ። የእርስዎን ግን አባዬ የታመመ በግ ለገበያ አያወጡም ብዬ ሳልነካ ፈረምኩ።

በአራተኛው ቀን በእነዚያው በጎች ጅራት ሥር ፈንጣጣ ተገኘ። ቅርፊቱ ደርቋል፤ እዚህ የያዛቸው አይደለም። በረቱ ወዲያው ተዘጋ። ዓንዶም ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ሪፖርቱ ላይ የመጡበትን ሌላ ቀበሌ አድርገሽ ጻፊው። አንቺም ትድኛለሽ፣ ወገኖችሽም ይድናሉ» አለኝ። እንዳለው ብጽፍ ያላጠፋ ሰው ገበያ ይዘጋል፣ የእኛም መንደር በግ ሳይከተብ ያልቃል። እውነቱን ብጽፍ ለዐረፋ በግ ያደለበ ጎረቤት ሁሉ ከነበጉ ሊቀር ነው፤ የእኔም ጉድ ይወጣል። ሁለት ባላ ትከል ይላሉ፤ የእኔ ሁለቱም ተነቀሉ። ሦስት ቀን ሪፖርቱን ሳልሞላ አቆየሁት።

ትናንት የቀበሌያችንን ስም ጻፍኩ። ሳልመረምር መፈረሜንም ጨመርኩበት። አለቃዬ ውሳኔ እስኪመጣ ሥራ እንዳልገባ፣ ከአዲስ አበባም እንዳልወጣ ነገረኝ። ስለዚህ ለዐረፋ አልመጣም። የእንስሳት ጤና ሰዎች በዚህ ሳምንት ይደርሱባችኋል። እስከዚያ የታመሙትን ለይተው ያስሩልኝ፤ ወንድሜ አብዱልሐሚድም አንዲት በግ ወደ ገበያ እንዳይነዳ። ጎረቤት ገበያችንን ማን አዘጋው ብሎ ቢጠይቅ ስሜን አይደብቁ።

አንድ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩም። እርስዎ የታመመ በግ ከአካሄዱ የሚለዩ ሰው ነዎት። ያን ቅርፊት አላዩትም ብዬ ራሴን ማሳመን አቃተኝ። አባዬ፣ እያወቁ ነው የሸጧቸው?

አብዱልሐሚድን፣ ባለቤቱን ሰልዋንና ሕፃኗን ሸምሲያን ሰላም ይበሉልኝ። የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ሥራ በዝቶባት ቀረች ይበሏት። የጠየቅኩዎን ግን ለእኔ ብቻ ይጻፉልኝ። አላየሁም ቢሉኝ አምንዎታለሁ። ካዩ ግን፣ በአላህ፣ አላየሁም አይበሉኝ።

ልጅዎ ሀጀር
ቦሌ አራብሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.