በቀን አንድ ክኒን

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ጠዋት የቆጠርኩት፦ ድንች 22 ጆንያ፣ ቀይ ሽንኩርት 6፣ ዘይት 3 ካርቶን። የወንድሜ የጌታነህ የቫይረስ መከላከያ ክኒን 9 ፍሬ። የባሕር ዳር መንገድ እንደተዘጋ ነው፤ ክኒኑ ደግሞ እዚህ እንጅባራ አይገኝም።

ወንድሜ የደም ካንሰር ይዞት፣ ህንድ አገር ከእኔ መቅኒ ተወስዶ ንቅለ ተከላ ከተደረገለት ስምንት ወሩ ነው። ክኒኑ የታዘዘለት ጠዋትና ማታ ነበር። ጭራሽ ከሚያልቅበት ብዬ በቀን አንድ መስጠት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ባሕር ዳር የምትከታተልህ ዶክተር ቀንሳልሃለች አልኩት፤ ደስ አለው። ዕቃ ሲያጥር እየቆነጠሩ ማዳረስ ሥራዬ ነው። ደንበኛ አኩርፎብኝ አያውቅም።

ማክሰኞ
ያቃጥለኛል ይለው የነበረው ግንባሩ ዛሬ ውኃ ቋጠረ፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ። ጎረቤታችን እትዬ ዝማም አይተው አልማዝ ባለጭራ ነው አሉ። ጌታነህ፣ “አልማዝ ከሆነ ለእታለም ይስጧት፣ ገዥ አታጣለትም” ብሎ ወደ እኔ እያመለከተ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ።

ከዓመታት በፊት እኔም ጎኔ ላይ ወጥቶብኝ በሁለት ሳምንት ደርቋል። አሁን ደሙ የእኔ ደም ነው፣ ይችለዋል ብዬ ገበያ ዋልኩ። ድንቹን ጨርሼ ሸጥኩ። መደወል የነበረብኝ ዛሬ ነበር።

ረቡዕ
ዓይኑ አብጦ ተከደነ። ትኩሳት 38.6። ኔትወርክ ሲመጣ ባሕር ዳር ለዶክተሯ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ክኒኑን ጠዋትና ማታ ይወስዳል ወይ ብላ ነው። ጌታነህ አጠገቤ ተኝቷል። አዎ አልኳት።

“ሙሉውን እየዋጠ ከወጣበት ቫይረሱ ክኒኑን ለምዶታል ማለት ነው። ኩላሊት የሚጎዳ ሌላ መድኃኒት ልጀምርለት ነው” አለች። ለዓይኑም ትሰጋለች፤ መንገዱ እንደተከፈተ ይዘሽው ነይ አለችኝ። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የለም።

ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ደውሉልኝ፣ በሌላ እተካለታለሁ ብላን ነበር። ያልደወልኩት መላውን ራሴ ስለመታሁ ነው።

ሐሙስ
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳለ ነገርኩት። ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን፣ ለዶክተሯም ምን እንዳልኩ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። “እታለም፣ ብትነግሪኝ እኮ አብረን እናስብበት ነበር” አለ።

ፊቱን ሊያይ መስታወት ጠየቀኝ። የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ አልኩት።

“ይኸው ደግሞ ጀመርሽ” አለ።

አመጣሁለት። አይቶ መለሰልኝ።

መንገዱ ተከፍቷል። ሚኒባስ ላይ ሁለት ቦታ ይዣለሁ።

ነገ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት መነኸሪያ። ጭምብል፣ የታሸገ ውኃ፣ የሕክምና ወረቀቶቹ። ዶክተሯ ጋ እንደገባን፣ መድኃኒቱ ሳይጀመርለት፣ ሁለት ሳምንት በቀን አንድ ብቻ እንደሰጠሁት መናገር።