በአባባ ለቅሶ ላይ የዋሉት ሸክላዎች

ውድ ወንድሜ ምሕረትአብ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ስለ ጤናዬ አልጠየቅህም፤ እኔም ስላንተ አልጠይቅም፣ ደህና መሆንህን ፌስቡክ ላይ አይቻለሁ። የጠየቅኸኝ ስለ ዘፈን ሸክላዎችህ ነው። «ፀሐይ እንዳያገኛቸው፣ ቆመው ይቀመጡ፣ ላስቲካቸውን ማንም እንዳይነካ፤ ስብስቡ ስለሞላልኝ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» ብለሃል። እንግዲያው ስለ ሸክላዎችህ ልንገርህ። አባባን ስንቀብር ያልነበርህ ሰው፣ ቢያንስ እነሱ እንዴት እንደዋሉ ማወቅ አለብህ።

ሸክላዎቹን ሁሉ በሠራው በዚህ የአሜሪካ ባንድ ያስለከፈህ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረህ አሜሪካዊ ነው። ኢንዲ ፖፕ የሚሉት ዘፈን ነው አልኸኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሁሉ ላንተ ሸክላ ተሸካሚ ሆነ። የአዲስ አበባዋ ኪራይ ቤትህ ቆርቆሮዋ እሳት ነው፣ ሸክላ ያጣምማል፣ ደብረ ታቦር ግን ብርድ ነው ብለህ ሣጥኑን እኛ ዘንድ ይዘህ መጣህ። አባባ ልባሷ ላይ ድመት የተሣለባትን አንዷን ገልበጥበጥ አድርገው አይተው «ምን ይላል ዘፈኑ?» አሉህ።

«አይከፈትም አባባ። ላስቲኩ ከተቀደደ ዋጋ የለውም።»

«ታዲያ የማይሰማ ዘፈን ምን ይሠራልሃል?»

ሳቅህባቸው። እሳቸውም አብረውህ ሳቁ፣ ግን አፍረው ነበር። አንተ አላየህም፤ እኔ አይቻለሁ።

ቢሆንም ያልሃቸውን አንዲት ሳያጓድሉ ፈጸሙ። ሣጥኑን አልጋቸው አጠገብ አኖሩት፣ የክት ጋቢያቸውን አለበሱት። እንግዳ ሲመጣ የጓዳውን በር ይዘጋሉ። አክስታችን እቴነሽ ከደራ የመጣች ጊዜ ሣጥኑ ላይ ልትቀመጥ ብትል ጮኹባት። «ተነሽ! ከዚህ ቤት ሁሉ የምሳሳለት ዕቃ እሱ ነው» አሏት። ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ ግን አልነገሯትም። ወሬው ወጥቶ ሌባ እንዳይሰማ ብለው ነው። ምስኪን አባቴ! የድመት ሥዕል የሚሰርቅ ሌባ ፈርተው!

ሲታመሙ ደወልሁልህ፤ ሥራ በዝቶብኛል አልህ። ሲብስባቸው ደወልሁልህ፤ እሞክራለሁ አልህ። ሲያርፉም ደወልሁ። «ነገ ከአሜሪካ የሚገባ ሰው አለ፤ ዕቃዬን እጅ በእጅ ካልተቀበልሁት ይዞት ይሄዳል። ለሠልስት እደርሳለሁ» አልኸኝ። ለሠልስትም አልመጣህም። በቀብሩ ቀን ግን አዲሱን ሸክላ ደረትህ ላይ አቅፈህ የተነሣኸው ፎቶ ወጣ። «በመጨረሻ!» ብለህ ጽፈህበታል። ከቀብር ስንመለስ አንዲት የመሥሪያ ቤቴ ልጅ መንገድ ላይ ከስልኳ አሳየችኝ፤ ልታጽናናኝ ይሁን ልታሳብቅ አላውቅም።

የሟች ዕቃ በለቅሶ ላይ እንደሚወጣ ታውቃለህ፤ የቱንም ያህል ከተሜ ብትሆን ይሄ አይጠፋህም። ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ይሳሳለት የነበረው ነገር ሁሉ ሜዳው ላይ ይወጣል፣ ዘመድ በየተራ ይዞት ያለቅሳል። እማዬን ደግፌ ለቅሶው ሜዳ ስደርስ እቴነሽ ሣጥኑን ከጓዳ አስወጥታ ከፍታዋለች። አንድ ጎረቤት «ላስቲኩ እንኳ ይቆይ እንጅ» ቢላት፣ «የወንድሜ ጌጥ በላስቲክ ታፍኖ አይወጣም! እኔ የወንድሜን ክብር የምደብቅ አይዶለሁም!» ብላ በጥርሷ ቀደደችው።

ሁሉንም ቀደደች፣ ምሕረትአብ። ያቺን የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫዋን፣ ያቺን ፀሐይ የሚያልፍባትን ሰማያዊዋን፣ በእጅ ቁጥር የተጻፈባትንና በዓለም ላይ ጥቂት ናት ያልኸኝን። የእድራችን ዳኛ አቶ ሙሉቀን መነጽር ያደረገችውን ድመት ከፍ አድርገው ይዘው፣ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ ሜዳውን ዞሩበት። አስለቃሿም ምኑንም ሳታውቅ፣ የአባባን ስም ጠርታ፣

«ይሻው የኔ ጌታ ዕቃ የሚያውቅበት፣
ፀሐይ ሳያሳየው አኖረው በቤት»

ብላ አወረደችው፤ ሕዝቡ ተንጫጫ።

ማስቆም እችል ነበር። «የልጁ ነው» ብል ይበቃ ነበር። ግን ፎቶህን ገና ማየቴ ነበርና አፌን ያዝሁ። ደስም አለኝ፤ በአባቴ ለቅሶ ላይ ደስ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ሸክላዎችህ በሚያዝያ ፀሐይ ከጠመንጃው ጎን ተደርድረው ዋሉ። ስሰበስባቸው ጠርዛቸው እንደ ባርኔጣ ተቆልምሞ ነበር።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። የእማዬን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። እናሳክማት ስልህ «እናያለን» ብለህ የቀረኸው አንተ ነህ። በዚያ ቀን ጎረቤታችን ሙላቴ፣ ያ ቁመቱ ያንተን የሚያህለው፣ አባባ እርሻ ያስተማሩት፣ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ከሸክላዎቹ አንዱን እንደያዘ መጥቶ እማዬ እግር ላይ ተደፋ። እማዬ ራሱን ዳበሰች። እጇ ወርዶ ሸክላውን አገኘ። የማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

«ምሕረትአብ፣ ልጀ፣ መጣህ?» አለችው።

ሙላቴ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እሽ በላት ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት።

«መጣሁ፣ እማዬ» አለ በዚያ በተዘጋ ድምፁ።

«አባትህን ቀበርህልኝ። አንተንም ልጅህ ይቅበርህ። ከወግ ከማዕረግ አያጉድልህ» ብላ መረቀችው። አገላብጣ ሳመችው። የአባባን የክት ጋቢ አስመጥታም ትከሻው ላይ ጣለችለት። ማግስቱን ሙላቴ ጋቢውን ሊመልስልኝ መጥቶ ነበር፤ አልተቀበልሁትም። የቀበረ ይልበሰው።

ከዚያ ወዲህ እማዬን እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እህልም ትቀምሳለች። ለሚያጽናናት ሰው ሁሉ «ልጀ አባቱን ቀብሮ ሄደ፤ ሥራው አላስቀምጠው ብሎ ነው እንጅ» ትላለች። አንተም ደውለህ አላጋለጥኸንም፤ መቼ ደውለህ ታውቅና!

ስለዚህ ቅዳሜ አትምጣ። ሣጥንህን ዓርብ ጧት በባሕር ዳሩ ሚኒባስ እልከዋለሁ፤ ባሕር ዳር ሳይደርስ ሐሙሲት መናኸሪያ ቆመህ ከረዳቱ ተቀበል። ዕቃ ቆሞ መቀበል መቼም ታውቅበታለህ። ከሐሙሲት ግን ወዲህ እንዳትሻገር። እደጃችን ብትቆም እማዬ «ታዲያ ያን ቀን የሳምሁት ማን ነው?» ማለቷ አይቀርም። ያኔ አልዋሽላትም፤ ፎቶህን ከነጽሑፉ እነግራታለሁ።

«እናቴን ላላያት ነው ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ላታያት ነው።

እናታችን አባቱን የቀበረ አንድ ወንድ ልጅ አላት። እሱን አትግደልባት።

ደህና ሁን።

እህትህ ርብቃ ይሻው
ደብረ ታቦር