በርሜል ያንከባለሉት በያጅ፦ የአቶ ይገዙ ተሰማ የሕይወት ታሪክ (1936–2008 ዓ.ም.)

ወገኖቼ፣ ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ አንድም ሳይቀር እውነት ነው። መሃል ላይ «ይሄስ አይሆንም» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን አስከሬን ፊት ቆሞ የሚዋሽ ሰው ቀባሪ አያገኝም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቀባሪ ገና ያስፈልገኛል።

አቶ ይገዙ ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ደርሶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንቅነሽ አበጋዝ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በወረኢሉ አውራጃ፣ ጉራ ወርቄ በምትባል መንደር በሐምሌ ወር 1936 ዓ.ም. ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት መብረቅ ወርዶ፣ ሰውም ከብትም ሳይነካ፣ ከግድግዳው ሥር የቆመውን ማረሻ ከብረት ቀለበቱ ከወገሉ ጋር አጣብቆት ሄደ። እናታቸው ይህን ሲያወሩ «በቤታችን የመጀመሪያው ብየዳ የተሠራው በሰማይ እጅ ነው» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም ደሴ ከአጎታቸው ቤት ተጠግተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። አምስተኛን ያልተማሩት ሰንፈው አይደለም፤ ከክፍሉ መስኮት ባሻገር አንድ ጋራዥ ነበርና የብየዳውን ብልጭታ ሲያዩ ይውሉ ስለነበር ነው። ዓይናቸውም ልባቸውም እዚያው ቀረ። በ1954 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ወርደው ከአንድ ጋራዥ በመግባት፣ ከወለል መጥረግ ጀምረው ብየዳን ተማሩ።

በ1961 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተሳፍረው አዋሽ ሰባት ኪሎ ደረሱ። የወረዱበት ቀን ሙቀት ከንፈራቸው ላይ የሰኩትን ሲጋራ ክብሪት ሳይነካው ለኮሰው። «ለአንድ ሳምንት ነው የመጣሁት» ይሉ ነበር፤ ያ ሳምንት እስከ ዛሬ ድረስ ዘለቀ። በከተማው በነበረ አንድ ወርክሾፕ በበያጅነት ተቀጠሩ። በ1964 ዓ.ም. እህቴን ወይዘሮ ሮማነወርቅ በላይን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው አዲስአለምን፣ ጥጋቡን እና ስዩምን ወለዱ።

አቶ ይገዙ ትሑት ሰው ነበሩ ብል ድንኳኑ ይስቅብኛል። «እኔ ያልበየድኩት ብረት ገና ከመሬት አልወጣም» የሚሉ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ አፋቸው የገባበትን እጃቸው ሳያወጣው ቀርቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊቀር ነበር፤ እሱን ልንገራችሁ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ቆላውን ባጠፋ ጊዜ ለሰውና ለከብት ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች ከአዋሽ አርባ እስከ ዲቾቶ መንገዱን ሞልተውት ነበር። ቦቴዎቹ ያረጁ ስለነበሩ ዲቾቶ እስኪደርሱ ግማሹን ውሃ አስፋልቱ ይጠጣዋል። ወርክሾፑ ደግሞ ኤሌክትሮድ የሚሉት የብየዳ ዘንግ አልቆበት፣ የሚያፈሱ ቦቴዎች ግቢውን ሞልተው፣ በያጆቹ ጥላ ሥር እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በዚህ መካከል ከባሕር ማዶ በዕርዳታ አዲስ የብየዳ ማሽን መጣ። ይህ ማሽን እንደ ድሮው አንድ አንድ ኤሌክትሮድ አይሰካለትም፤ ራሱ ሽቦ እየጎተተ ይበላል። ሽቦውም ከወፍራም ካርቶን በተሠራ፣ እስከ ሰው ደረት በሚደርስ በርሜል ውስጥ እንደ ተኛ ዘንዶ ተጠምጥሞ መጣ። ቢዘረጋ ከአዋሽ ዲቾቶ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ለልብስ ማስጫም ይተርፍ ነበር።

እንግዲህ አዋሽ ጣቢያ በርሜል ማለት የሚንከባለል ነገር ማለት ነው። ናፍጣም ይሁን ዘይት፣ ከባቡር ሲወርድ በጎኑ ይጣልና በእግር እየተገፋ ከተማ ይገባል፤ በርሜል የተሸከመ ሰው ቢታይ እብድ ነው ይባላል። አቶ ይገዙም የጣቢያውን ወዛደር፣ የአገራቸውን ልጅ አቶ ከማሉዲንን ጠርተው «ጣለውና እንግፋው» አሏቸው። ሲገፉ አቶ ከማሉዲን በርሜሉ ላይ የተሳለ ቀስት አዩ።

«አንተ ይገዙ፣ ይሄ ቀስት ምን ሊል ነው?»

በርሜሉ በጎኑ ተጋድሞ ስለነበር ቀስቱ ከመንገድ ዳር ወዳለው ወደ ወይዘሮ ሐቢባ ሻይ ቤት ያመለክታል።

«ሻይ አምሮት ነዋ» አሉ አቶ ይገዙ። በርሜሉን በድንጋይ አግደው ገብተው ጠጡ።

ወርክሾፕ ደርሰው በርሜሉን አቁመው ሲከፍቱ፣ ከሽቦው ላይ የተጫነ አንድ ከባድ ቀለበት አገኙ። ማሸጊያ መሰላቸውና አወጡት። ስለ ሻይዋ ውለታ ለወይዘሮ ሐቢባ ላኩላቸው፤ እሳቸውም ለውሃ ጋናቸው መቀመጫ፣ ማቶት አደረጉት።

ማሽኑ ተነሣ። ሽቦዋ አንድ ክንድ ያህል በደህና ወጣችና ተያዘች። ማሽኑ ሲጎትታት ከበርሜሉ ውስጥ ጥቅል በጥቅል እየሆነች ዘለለች፤ አንዱ ጥቅል በሌላው አንገት ገባ። ሽቦ በተያዘ ቁጥር እሳቱ እንደ መንተባተብ ይልና ይጠፋል፤ በጠፋበት ቦታ ቀዳዳ ይቀራል። ተበየደ የተባለው ቦቴ ውሃ ሲሞላ ከበፊቱ ብሶ አፈሰሰ።

የወርክሾፑ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አትክልት መጡ። ቦቴዎቹ እስከ ቅዳሜ ካልወጡ እሳቸውም የሚጠይቃቸው አለና ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «ይህን በርሜል ያንከባለለው ማነው?» አሉ። ከጣቢያው በኩል የአቶ ከማሉዲን ስም ተጠራ። ከዚያ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የምትባለዋ ቃል ወጣች። ያን ጊዜ ይህች ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣች ወደ አፍ አትመለስም። አቶ ከማሉዲን ቀበሌ ታሰሩ። ቅዳሜ በሚያልፈው ባቡር ወደ በላይ አካል ይላኩ ተባለ፤ በዚያ ባቡር ተልኮ የተመለሰ ሰው ደግሞ አዋሽ ውስጥ አይታወቅም። ባለቤታቸው ልጃቸውን ታቅፈው ከቀበሌው ደጃፍ ተቀመጡ።

አቶ ይገዙ ይህን ሲሰሙ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳደረጉ ወደ ቀበሌው ሄዱ።

«ጓድ አትክልት፣ ያንከባለልነው አብረን ነው። ጣለው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«አንተን ባስር ማን ይበይዳል?»

«እንግዲያው ሽቦዋ በደህና ከሄደች አሻጥር የለም ማለት ነው። ይፈታል።»

«ካልሄደችስ?»

«ለቅዳሜ ባቡር ሁለት ትኬት ነዋ የምትቆርጠው።»

አቶ ከማሉዲን ከውስጥ ሆነው ይህን ሰምተው በመስኮት ብቅ አሉ። «ወላሂ ይገዙ፣ ከአንተ ጋርስ አልሳፈርም። ስታንኮራፋ አውቅሃለሁ» አሏቸው። ዘበኛው ሳቀ፤ የአቶ ከማሉዲን ባለቤት ግን አልሳቁም። አቶ ይገዙም እሳቸውን አይተው ቀና ሳይሉ ሄዱ።

ሽቦዋ ግን እንደ አፍ አልሆነችም። በርሜሉን ቢያዞሩት ባሰባት። ቢያጋድሙት ጭራሽ ቋጠሮ ሆነች። ለመኗት፣ ረገሟት፣ ጸበል ረጩባት። ሐሙስ ዕለት የመጣላቸውን ምሳ ሳይነኩ መለሱ፤ እህቴ ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው ይላሉ፤ በትዳር ዘመናቸው ምሳ ሲመልሱ ያዩት በዚያ ቀን ብቻ ነውና።

የተመለሰውን ምሳ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ይዘው ወደ ወይዘሮ ሐቢባ ሄዱ። ለእስረኛው ከሐቢባ ቤት የሚሄደው ይሻላል፤ የሚበላው እስላም ያረደውን ነው ብለው ሊለዋወጡ ነበር። ወይዘሮ ሐቢባ ከጋኑ ውሃ እየቀዱ፣

«ባልሽን አላህ ይስጠው» አሉ። «ይሄ ጋን ሰው በቀዳ ቁጥር ሲወዛወዝ ነበር የኖረው። ያቺን ማቶት ካመጣልኝ ወዲህ ረግቶ ተቀመጠ።»

«ማቶቱን ከየት ነው ያመጣው?»

«ከዚያ ከጉደኛው በርሜል። ከሽቦው ላይ ተጭኖ ነበር አሉ።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዕቃቸውን አስቀመጡ። «ሐቢባዬ፣ መልሺልኝ። ያቺ ሽቦ የምትዘለው የሚጫናት አጥታ ነው።»

«ውሰጂው እንጂ። ጋኑ ይሰበር፣ ከማሉዲን ይውጣ።»

ጋኑ በማግስቱ ተሰበረ። ወይዘሮ ሐቢባ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህን ሲያነሡ «አፌን አላህ ቶሎ ይሰማዋል» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቀለበቱን ተሸክመው ወርክሾፕ ሲገቡ አቶ ይገዙ በርሜሉን ሊያዞሩ አቅፈውት ቆመዋል። «አንተ ሰው፣ እጅህን ሰብስብ። ቁም በለው፤ የሚንቀሳቀሰው ሽቦው እንጂ በርሜሉ አይደለም» አሏቸው። ከዚያም ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው፣ ውሉ እንደ ጠፋበት ፈትል፣ አንዲት ጥቅል ሳይቆርጡ አንዱን ከሌላው እያላቀቁ ያስተኙት ጀመር። ባልየው፣ ያ ሁሉ አፍ፣ ዝም ብለው ፋኖስ ያዙላቸው። ሲያልቅ ቀለበቱ ከላይ ተጫነ። አቶ ይገዙ ደግሞ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንድ ትንሽ መዘውር አሰሩ፤ ሽቦዋ የበርሜሉን ከንፈር ሳትነካ ከመሃል ቀጥ ብላ ወደ ላይ እንድትወጣ ነው። ማሽኑ ሲጎትት ጥቅሎቹ ከቀለበቱ ሥር አንድ በአንድ፣ ተራቸውን እየጠበቁ ሾለኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓድ አትክልት መጡ። የወርክሾፑ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ባቡሩም ከሩቅ ሲጮኽ ይሰማል። አቶ ይገዙ መነጽራቸውን አውርደው የትልቁን ቦቴ ስንጥቅ ከዳር ጀመሩ። ሽቦዋ እንደ ሐር ክር ተሳበች። እሳቱ አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄዱ ሽቦዋ አንድም ጊዜ አልተያዘችም። ቦቴው ውሃ ተሞላ። ጓድ አትክልት ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በስፌቱ ላይ አሳለፉ፤ መዳፋቸውን አዩት፤ ደረቅ ነበር።

«ይፈታ» አሉ።

አቶ ከማሉዲን ከቀበሌ ሲወጡ መጀመሪያ የጠየቁት «ትኬቴስ? ተቆርጦ ከነበረ ለሌላ ጊዜ ይሁነኝ» ብለው ነው። ከዚያ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው ብዙ አለቀሱ። ቦቴዎቹም አንድ በአንድ ተበይደው ወጡ፤ በዚያ ዓመት ዲቾቶ ድረስ ሙሉ ውሃ ገባ።

አቶ ይገዙ በ1980 ዓ.ም. ወደ መልካ ወረር ተዛውረው የመስኖ ውሃ መዝጊያዎችን ሲሠሩ ቆዩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጓድ አትክልት ታሰሩ። አቶ ይገዙ ከመልካ ወረር በጭነት መኪና እየተሳፈሩ ስንቅ ያቀብሏቸው ነበር። ሰው «ለካድሬ?» ሲላቸው «ዘመዴ ነው» ብለው ያልፉ ነበር። እኛ የምናውቀው ዝምድና አልነበረም። አቶ አትክልት ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ እግዚአብሔር ያክብርልን። በኋላም አቶ ይገዙ ሰመራ ገና ድንጋይና ነፋስ ሳለች ሄደው፣ ዛሬ የምናያቸውን በርካታ ጣሪያዎች አቁመዋል። ጡረታ ሲወጡ ወደ አዋሽ ተመለሱ።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንባቸውን ሲያማቸው ቆይቶ በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ የካቲት 11 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። በመጨረሻው ሳምንት አቶ ከማሉዲን ከአልጋቸው አጠገብ አልተለዩም። ዛሬም ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። አቶ ይገዙ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። የደከመ ሳንባቸውን የፈጠረ አምላክ በማይደክሙበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። ለእናንተም የመጣችሁበትን እግር ይባርክላችሁ።

ሳጥኑ ከመነሣቱ በፊት አንዲት ነገር ልጨምር። የመብረቁንም የሲጋራውንም ነገር እንደ ሰማሁት ጽፌአለሁ። አንዲት ብቻ እኔ ፈጥሬ አስገብቻለሁ፤ ሽቦዋ አንድም ጊዜ አልተያዘችም ያልኩትን። አቶ ይገዙ ይህን ታሪክ ሲያወሩ እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ዝም ይሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ቢነገር ባቡሩ የሚወስደው ሁለት ሰው ሳይሆን ሦስት ነበርና። እህቴ ግን እዚያው ቆመው አይተዋል። ስፌቱ ሊያልቅ ስንዝር ሲቀረው ሽቦዋ ተያዘች፤ እሳቱም ጠፋ። ጓድ አትክልት ያዩትን አዩ፤ ከዚያ አጎንብሰው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። አቶ ይገዙ ሽቦዋን አላቅቀው እስኪጨርሱ ድረስ ካጎነበሱበት ቀና አላሉም።

በዚያን ቀን እግራቸው ላይ የነበረው ክር የሌለው ሰንደል ጫማ ነው።