ስለ ሞዴላችን ስለ ዶን ሴቬሪኖ ቾኬ ዕረፍት

«ዛሬማ ዶን ሴቬሪኖ ድንጋይ ሆነዋል፤ ትንፋሻቸው እንኳን አይሰማም!»

«አንተም እንደሳቸው አርፈህ ብትቀመጥ ምን አለበት?»

ይህ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በሦስተኛው ስቱዲዮ የተሰማ ንግግር ነው። የላ ፓዝ የሥዕል ተማሪዎች ማኅበራችን በወቅቱ እንደ ምስጋና ቆጥሮት ነበር። ተማሪዎቹ ለዕረፍት ወርደው፣ ለእሳቸውም አፒ የሚባለውን የበቆሎ መጠጥ አንድ ኩባያ በትኩሱ ይዘው ሲመለሱ፣ አንጋፋው ሞዴላችን ዶን ሴቬሪኖ ቾኬ ከወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈው አገኟቸው። ሐዘናችን ከባድ ነው። መፍራታችንንም አንደብቅም።

ዶን ሴቬሪኖ በ1998 ከሚኒባስ ወያላነት ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ጉሮሯቸውን ለማሳረፍ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

በ2007 የጣሪያው መስታወት ተሰብሮ በረዶ ፖንቾ ካባቸው ላይ ሲከመር ፍንክች አላሉም። የዚያ ዓመት ሥዕሎች ከነበረዶው ናቸው።

በ2015 ለስቱዲዮው አንዲት ማሞቂያ ብቻ ስትፈቀድ፣ «እኔ ምን እሠራለሁ? የልጆቹ እጅ ይሙቅ» ብለው ወደ ተማሪዎቹ አዞሯት። እስከ ዕለተ ሞታቸውም እንደዞረች ነበረች።

ከረቡዕ ወዲህ በስቱዲዮዎቻችን ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። «ኧረ ተንቀሳቀስ በናትህ!» ሲባል፣ «አለሁ፣ እያሰብኩ ነው!» የሚል መልስ ይሰማል። አዲሷ ሞዴል በየመሃሉ እንዲያስሉ በአክብሮት ተጠይቀዋል። ለልምምድ የምንስላቸው የጂፕሰም ራሶችም ለጊዜው ጨርቅ ለብሰዋል።

ከሁሉም የፈራችው የመመረቂያ ሥራዋን በዶን ሴቬሪኖ ምስል የጀመረችው ዛይዳ ቲኮና ናት። ረቡዕ ከዕረፍት በፊት የከንፈራቸው መልክ መለወጡን አይታ፣ ሰማያዊ ጨምራ ቀለሙን እንደገና በጠበጠች። በሰኔ ብርድ እዚህ ከንፈሩ የማይጠቁር የለምና ምንም አልመሰላትም። መምህሯም ከኋላዋ ቆመው፣ «አየሽ፣ አሁን ገና ማየት ጀመርሽ!» አሏት። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዘችም፤ የሰው ፊትም አታይም። «እባካችሁ ንገሩኝ፣ የሳልኩት ሬሳ ነው?» እያለች በየቀኑ ቢሯችን ትመጣለች።

ለልጃቸው ለወይዘሮ ፍሎራ፣ ለቤተሰቦቻቸውና ባለፉት ዓመታት ፊታቸውን እያዩ ሥዕል ለተማሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ዛይዳም ወደ ስቱዲዮዋ እንድትመለስ እንጠይቃለን።

በግቢው የሚናፈሰው የሬሳ ሥዕል ወሬ ፍጹም ሐሰት መሆኑን ማኅበሩ አስከሬኑን ከመረመሩት ሐኪም አረጋግጧል። ዛይዳ ያንን ቀለም ስትበጠብጥ ዶን ሴቬሪኖ በሕይወት ነበሩ።